የላስታ ደራሽ ውኃና የመሻገሪያ ጥበብ

የአገራችንን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ተራራው ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ወንዙ ግን የሚሉት ጥቂት ነው። ንጉሥ የመሸገበት አምባ፣ ሠራዊት የወጣበት በር፣ መኰንን የተማረከበት ሜዳ በየስሙ ተጽፎ ይገኛል። ሠራዊቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ያቆመው፣ ነጋዴውን ከነበቅሎው የወሰደው፣ ለቅሶ ለመድረስ የወጣውን ሰው ራሱን ለቅሶ ያደረገው ውኃ ግን ቢነሣ በአንድ መስመር ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የላስታ ወንዞች በሰው ላይ ስለሚያደርሱት አደጋና አባቶቻችን ከዚያ ለመዳን ስለ ነበራቸው ዘዴ ጥቂት ለማስታወስ አስበናል።

«ባሕር በሌለበት ደጋ የውኃ አደጋ ከወዴት ይመጣል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ያለው በራሱ በደጋነቱ ውስጥ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የክረምቱ ዝናብ አፈሩ ታጥቦ ዐለቱ ባገጠጠበት በዚህ ቁልቁለት ላይ ሲወርድ የሚይዘውና የሚያዘገየው ነገር የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የብዙ ተረተር ውኃ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ይሰበሰባል። ታላቁ ተከዜ የሚነሣውም ከዚሁ ከላስታ ነው፤ ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሰቲት የሚል ስም ይዞ፣ ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ በመጨረሻ ከዓባይ ይቀላቀላል። በግዕዝ ተከዚ ማለት ወንዝ ማለት ስለ ሆነ «የተከዜ ወንዝ» ስንል «የወንዝ ወንዝ» ማለታችን ነው፤ ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለ ውኃ ስሙ ሁለት ጊዜ ቢጠራለት የሚበዛበት አይመስለንም።

ይህ ወንዝ በታሪካችን መጽሐፍ ውስጥ የገባው ከጥንት ዠምሮ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዔዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ፣ ጠላቶቹን በተከዜ ዳር በከማልኬ መሻገሪያ እንደ ገጠማቸው፣ ሃያ ሦስት ቀንም እንዳሳደዳቸው ይናገራል። ሊቃውንቱ በጽሑፉ ውስጥ ተከዜ የተባለውን የወንዙን የታችኛውን ክፍል፣ ማለት ዛሬ አትባራ የሚባለውን ያደርጉታል። ከዚያው ጽሑፍ እኛን እጅግ የሚያስገርመን የድሉ ነገር አይደለም፤ ሸሽተው ወደ ውኃው ከገቡት ሰዎች መካከል ቍጥራቸው ያልታወቀ ብዙዎች መስጠማቸውን፣ ለመስጠማቸውም ምክንያት የሆነው ታንኳዎቹ ወንድና ሴት ከመጠን በላይ ጭነው ስለ ነበር መሆኑን መጻፉ ነው። በአገራችን ሰው ስለ ሰጠመበት ምክንያት ጭምር ከሚናገሩት ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከ1,600 ዓመት በላይ አልፎም በልዩ ልዩ አገር የሚሰጥሙት ጀልባዎች ያው ሰው ከልክ በላይ የጫኑት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ ደራሽ ውኃ ግልጥ አድርጎ የጻፈልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ይህ ሰው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከተላከው መልእክተኛ ጋር በ1512 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ሲቀመጥ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ ሰዎች ያስተዋወቀ ነው፤ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ የፈራውም ስለ እነርሱ ሲጽፍ ነበር። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄድ ሌላ ታሪክ አለ። ጓደኞቹ በክረምት ወደ ደቡብ ሲጓዙ በአንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ያርፋሉ። በሩቅ ነጐድጓድ ይሰማሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ዝናብ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ላይ በወንዙ ዳር ሲንሸራሸር ቆይቶ «ተጠንቀቁ! ተጠንቀቁ!» እያለ እየሮጠ ይመለሳል። ከበስተኋላው ውኃው በጦር ቁመት ያህል ቆሞ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እያላተመ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠ መጣ። ከዕቃቸውና ከድንኳናቸው ከፊሉን ወሰደው። እንደ መጣም እንዲሁ ፈጥኖ አለፈና በዚያው ቀን ወንዙን በእግራቸው ተሻገሩት።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ስለ ደራሽ ውኃ መታወቅ የሚገባው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ተካቷል። ዝናቡ የዘነበው ሌላ ስፍራ ነው፤ ምልክቱ የሩቅ ነጐድጓድ ነው፤ ግንባሩ እንደ ግድግዳ ነው፤ ገዳዩ ውኃው ብቻ ሳይሆን የተሸከመው ድንጋይና ግንድ ነው፤ ደግሞም ቶሎ ይጐድላል። ጥቂት ሰዓት መታገሥ የቻለ ሰው በደረቅ ነፍሱ ይሻገራል።

የዚህ ነገር ታላቁ ምሳሌ ግን ከላስታ እጅግ ርቆ በሱዳን በረሃ የታየው ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ጋር በ1853 ዓ.ም. በሰኔ አጋማሽ ላይ በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ በበጋው ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኗል፤ ውኃ የሚገኘው እዚህም እዚያም በቀሩት ኩሬዎች ነው። ሌሊት ነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ የአገሩ ሰዎች ምን እንደ ሆነ ወዲያው ዐወቁና በአሸዋው ላይ የተኙትን እየጮኹ ቀሰቀሱ። ሲነጋ 450 ሜትር ያህል ስፋት፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ወንዝ ከፊታቸው ይፈስ ነበር። ከበረሃው ሰማይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ያ ውኃ የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ የላስታ፣ የስሜን፣ የዋግ ዝናብ ያለበት ውኃ ነው። በላስታ ተራራ ላይ እረኛው ገሣውን ደርቦ ዝናቡ እስኪያባራ ሲጠብቅ፣ ከብዙ ቀን መንገድ በታች የማያውቀው ሰው ለነፍሱ ይሮጣል።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ጠቢባን ይህን የክረምት ውኃ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር ሥራቸው ይመሰክራል። ከምድር በታች ወደ ውስጥ የተቈፈረ ቤት በዚህ አገር ዝናብ በአንድ ክረምት ጕድጓድ ሙሉ ውኃ ሊሆን በተገባው ነበር። እነርሱ ግን ለጣሪያው ተዳፋት፣ ለግቢው ወለል ዘንበል ያለ መውረጃ፣ ለአካባቢውም ጥልቅ ቦይ አበጁለት፤ ክፍሎቹን የሚለየውንም ታላቅ ቦይ ዮርዳኖስ ብለው ሰየሙት። ጐብኚዎች ስለ ሐረጉና ስለ መስቀሉ ብዙ ሲያወሩ ስለ ቦዩ የሚያነሡት ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነናል፤ ሐረጉን እስከ ዛሬ ያቈየው ቦዩ ነውና።

በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ደግሞ ከዐለቱ የተፈለፈለ ኩሬ አለ። ልጅ የሚሹ ሴቶች በገና ሰሞን ወደዚህ ኩሬ ይገባሉ። ኩሬው ጥልቅ፣ ጠርዙም የሚያዳልጥ ስለ ሆነ ሴቲቱ በገመድ ታስራ፣ ገመዱን ከላይ ሰዎች ይዘውላት ትወርዳለች። እምነቱን ለባለቤቶቹ እንተወውና፣ ይህ ልማድ ስለ ውኃ አደጋ ያለው ዕውቀት ቀላል አይደለም፤ ዋና የማያውቅ ሰው ወደ ጥልቅ ውኃ ብቻውን አይገባም፣ የሚጠብቀውም ሰው ደረቅ ስፍራ ላይ ይቆማል ማለት ነው። በጥምቀት ማለዳም እንዲሁ ማስተዋል ያስፈልጋል። የጥር ሌሊት በደጋ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ሰውነቱ የሞቀ ጐልማሳ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲዘል ሳይወድ በግድ በኃይል አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው ውኃውን ነው። ጐበዝ ዋናተኛ እንኳ በዚህ ሊሞት ይችላል። እግርን፣ እጅንና ፊትን አስቀድሞ አርሶ ቀስ ብሎ መግባት ይህን አደጋ ይቀንሳል።

ወደ ነገሥታቱ ታሪክ ስንመለስ ወንዞቹ የዘመቻን ጊዜ ይወስኑ እንደ ነበር እናያለን። ክረምት ሲገባ ሠራዊት ይበተናል፣ መስቀል ሲያልፍ ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት ክረምቱ አልፎ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ዠምረው ነው፤ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ እስኪደርሱ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው። ከወዲያ በኩል የመጣው የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ደግሞ ላስታን አቋርጦ፣ የተከዜን ምንጮች ተሻግሮ፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ ሚያዝያ 3 ቀን በሽሎን በእግሩ ተራመደው። ውኃው በጭቃ የደፈረሰ ስለ ነበር ወታደሮቹ እንደ ልብ ሊጠጡት አልቻሉም፤ በእሮጌ የተዋጉትም በጥም ነው። ሦስት ቀን ቈይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ፣ ናፒየር አንድ ቀን እንኳ ያለ ሥራ ለመቈየት አልፈለገም፤ ከፊቱ ሰኔ ነበርና። ሠራዊቱን ይዞ ክረምቱ ሳይጠና ወደ ባሕር ወረደ። እንግሊዞቹ ዝኆንና መድፍ ይዘው መጥተው የማንንም ጦር ሳይፈሩ የላስታንና የወሎን ዝናብ መፍራታቸውን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ጦርና መድፍ የሌለው ተራ መንገደኛ ይህን ውኃ እንዴት ይሻገረው ነበር? መጻሕፍት ስለዚህ የሚነግሩን ጥቂት ነው፤ ዕውቀቱ ያለው በመሻገሪያው ዳር በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ ነው። እኛ በሥራ ምክንያት በላስታ ቆላ ስንዘዋወር በነሐሴ መጨረሻ ከአንዲት የተከዜ ገባር ዳር ደረስን። ሰማዩ ብራ፣ ውኃውም ከጕልበት የማያልፍ ነበር። አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን አራግፈው ከጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ውኃው ትንሽ አይደለም እንዴ? ለምን አይሻገሩም?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ እስቲ ቀና ብላችሁ ላይኛውን አገር እዩት» አሉንና በምርኵዛቸው ወደ አቡነ ዮሴፍ አመለከቱ። ተራራው በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ነበር። «ይህ ውኃ የጧት ውኃ ነው፤ የከሰዓቱ ገና አልደረሰም።»

ተቀመጥን። ጥቂት ቈይቶ ውኃው ቀለሙን ለወጠ፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መጣ፤ ከዚያ አረፋው ቀይ ሆነ፤ ከሥሩ አለሎ ድንጋይ ሲንከባለል እንደ ሩቅ ከበሮ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው ከውኃው ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ አኖሩ። በማግሥቱ ጧት ውኃው ከድንጋዩ ብዙ እርምጃ ሸሽቶ፣ መልኩም ጠርቶ አገኘነውና ተሻገርን።

አሻጋገሩም ደንብ አለው። መልካ የሚመረጠው ወንዙ ሰፋ ብሎ፣ ጠጠሩ እየታየ በሚፈስበት ስፍራ ነው፤ ጠባቡ ስፍራ ለዓይን ቅርብ ቢመስልም ጥልቅና ኃይለኛ ነው። ከፏፏቴ ወይም ከገደል አፍ በላይ መሻገር የተከለከለ ነው። ጋቢና ሱሪ ይወልቃል፤ እርጥብ ጋቢ ውኃው እንደሚይዘው እጀታ ነውና። ሰዎቹ ክንድ ለክንድ ይያያዛሉ፤ ብርቱው ከላይ በኩል ውኃውን ይከፍላል፣ ሕፃንና ደካማ ከመካከል ይሆናል። ዱላ ከፊት ይተከላል፤ አንዱ እግር ሳይጸና ሌላው አይነሣም። ዓይን ከፈሳሹ ላይ ካረፈ ራስን ስለሚያዞር ማዶውን መመልከት ይገባል። መጫኛ ቢኖር በእጅ ይያዛል እንጂ በወገብ አይታሰርም። በቤተ ማርያም ኩሬ ያለው ውኃ የቆመ ስለ ሆነ ገመዱ ያድናል፤ በሚፈስ ውኃ ግን የታሰረውን ሰው ገመዱ ራሱ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ውኃው የወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ቍልቍል አስቀድሞ፣ በሰያፍ ወደ ዳር መቅዘፍ አለበት፤ ፈሳሹን ፊት ለፊት የሚታገል በቶሎ ይደክማልና።

ዛሬ የፊዚክስ ትምህርት ይህን ያጸናልናል። የውኃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በእግር ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰው «ከጕልበት አያልፍም» ብሎ በጥልቀቱ ብቻ መፍረድ የለበትም። ግማሽ ሜትር የሆነ ፈጣን ውኃ አውቶሞቢል አንሥቶ ይወስዳል። ሕዝባችን ሰውን በለስላሳ አነጋገር የሚያጠፋን ወዳጅ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» የሚለው ይህን አይቶ ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ የልጆች ጨዋታ ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። በብዙ አገር ተረት ውስጥ የሚሳደድ ሰው ወደ ወንዝ ገብቶ በሸምበቆ እየተነፈሰ ከጠላቱ ሲሰወር ይነገራል። በባሕር ዳር አገሮችም ሰዎች ዓይናቸውን በመነጽር ሸፍነው፣ በአፋቸው አጭር መተንፈሻ ቱቦ ይዘው፣ በውኃ ገጽ ላይ ተደፍተው ዓሣና ዛጎል ይመለከታሉ። ተማሪዎች ይህን ሰምተው በወንዝ ኩሬ ውስጥ በሸምበቆ ወይም በጎማ ቱቦ ይሞክሩታል። ነገር ግን ቱቦው አጭር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች የወረደ ሰው ደረቱን ውኃው ስለሚጫነው ከላይ አየር መሳብ ይሳነዋል፤ በረዘመ ቱቦ ውስጥም የተነፈሰው አየር ራሱ እየተመላለሰ ያፍነዋል። ደግሞ ብዙ ለመቈየት ሲሉ ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱ አሉ። ይህ አየር የሚያጠራቅም ይመስላቸዋል፤ የሚያደርገው ግን «ተንፍስ» የሚለውን የሰውነት ማስጠንቀቂያ ማዘግየት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰውዬው ጭንቀት ሳይሰማው ራሱን ስቶ ይቀራል። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሉል ለመልቀም በባዶ ትንፋሻቸው ይጠልቁ የነበሩት ሰዎችም ሥራው ጤናቸውንና ሕይወታቸውን ይፈታተን ነበር። በደፈረሰ የደጋ ኩሬ ውስጥ ደግሞ ዐለቱ አይታይም፤ በራሱ ተወርውሮ የሚዘል ልጅ አንገቱን ይሰብራል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው።

የድልድይ ነገር ሲነሣ ላስታን ለጊዜው ትተን ወደ ዓባይ እንሂድ፤ ከወንዝ ጋር ያለንን ትግል ከሰባራ ድልድይ ይልቅ የሚገልጥ የለምና። በሞጣ በኩል ጐጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞች መካከለኛውን ቅስት ቈርጠው ጣሉት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲህና በወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጐተተ፣ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 የክረምቱ ውኃ እንደ ገና ወሰደው፤ በ2009 ከውኃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ። አርበኞቹ አንዱን ቅስት ሲቈርጡ የሞት ሽረት ሥራ ነበር፤ ወንዙ ግን ጥገናውን የወሰደው በአንድ ክረምት ነው።

በላስታም በኩል ከወልድያ በጋሸና ወደ ወረታ የሚያልፈው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው ጐዳና ከተሠራ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሏል። ተከዜም ራሱ ወደ ታች 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተይዞ፣ ቀድሞ ሰው የሚፈራው ሸለቆ ዛሬ ዓሣ የሚጠመድበት ሐይቅ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከታላቁ መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚሄደው መምህር፣ የጤና ሠራተኛና ግብር ሰብሳቢ አሁንም በእግሩ ይሻገራል። በአውቶሞቢል የለመደ ወጣት ደግሞ መልካውን ከሽማግሌ አይጠይቅም፤ የውኃውን መልክ ማንበብም አልተማረም። ችግሩን የሚያከብደው የጊዜው አገጣጠም ነው። መሥሪያ ቤቱ መምህሩን በነሐሴ መጨረሻ በሥራው ላይ ተገኝ ይለዋል፤ ትምህርት ቤቱም በመስከረም መዠመሪያ ደወሉን ይደውላል፤ የላስታ ወንዞች ግን በእነርሱ ልማድ እስከ መስቀል ድረስ አይጐድሉም። በዚህ መካከል ያሉት ሦስትና አራት ሳምንታት መንገደኛ ከከሰዓት በኋላ የማይሻገርባቸው፣ የቀረውም ሰው «ውኃ አቆመኝ» ብሎ ሲያመለክት እንደ ሰነፍ የማይቈጠርባቸው ሳምንታት መሆን አለባቸው።